ለመሥሪያ ቤት ሲስተም የብሮውዘር ላይብረሪ ማስገባት ለድርጅቱ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ሲሆን፣ ስድስት መጋዘኖች የሚጠቀሙበትን የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር እንከባከባለን። ሲስተሙ ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ እያንዳንዱ ገጽ ሰርቨር (ዋናው ኮምፒውተር) ላይ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ 40 መስመር ያለው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ስትመዘግብ፣ አንድ መስመር በጨመረች ቁጥር ገጹ በሙሉ እንደገና ይጫናል፤ መሐል ላይ ኔትወርክ ከተቋረጠ ደግሞ የጻፈችው ሁሉ ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስመለከት፣ ቀን ቀን ሁሉንም በደብተር እየጻፈች፣ ማታ ኔትወርኩ ሲረጋጋ ወደ ኮምፒውተሩ እንደምትገለብጠው ተረዳሁ።

እኛ ሪአክትን ወይም ቪዩን ለመጠቀም አስበናል፤ እነዚህ ብሮውዘር ውስጥ የሚሠሩ ዝግጁ የኮድ ስብስቦች (ላይብረሪዎች) ሲሆኑ፣ ገጹ በሙሉ እንደገና ሳይጫን የተለወጠው ክፍል ብቻ እንዲቀየር ያስችላሉ። የፋይናንስ ኃላፊያችን ግን የሚሠራ ነገር ለምን እንደሚነካ፣ ገጹ ስላማረ ድርጅቱ ምን እንደሚያተርፍ ይጠይቁናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ለሂሳብ ሰው በሚገባ መንገድ እንዴት ላስረዳቸው?

1ኛ መልስ

በመጀመሪያ ጉዳዩ የማማር ጉዳይ እንዳልሆነ ንገሯቸው። ብሮውዘር ገጹን ሳይቀይር ከሰርቨር ጋር እንዲነጋገር የሚያስችለው ኤክስኤምኤል ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት የተባለው ዘዴ የመጣው ከማይክሮሶፍት ነው፤ ኩባንያው የሠራውም የመሥሪያ ቤት ኢሜይል በብሮውዘር እንዲከፈት ለሚያደርገው አውትሉክ ዌብ አክሰስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ከተባለው ብሮውዘሩ ጋር ወጣ። ለዚህ አሠራር አጃክስ የሚለው ስም የተሰጠው በ2005 ነው፤ ከላይብረሪዎቹ ጄኩዌሪ በ2006፣ ሪአክት በ2013፣ ቪዩ በ2014 ተከተሉ። ስለዚህ ነገሩ ከጅምሩም የቢሮ ሥራን ለማፋጠን የታሰበ ነው።

ቀጥሎ ሰዓት ያዙና ለኩ። ለምሳሌ ያህል ገጹ ዳግም እስኪጫን 6 ሰከንድ ይወስዳል እንበል። በ40 መስመር 240 ሰከንድ፣ ማለትም 4 ደቂቃ ይሆናል። አንድ መጋዘን በቀን 15 ደረሰኝ ከመዘገበ አንድ ሙሉ ሰዓት በመጠበቅ ብቻ ያልፋል፤ በስድስቱ መጋዘን ስድስት ሰዓት፣ ከአንድ ሠራተኛ የቀን ሥራ ብዙም የማያንስ ጊዜ ነው። የእናንተ ቁጥር ከዚህ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል፤ ነገር ግን በራሳቸው መጋዘን የተለካ ቁጥር ይዛችሁ ስትቀርቡ ኃላፊው በደመወዝ አባዝተው ራሳቸው ያሰሉታል። በማታ የሚገለበጠውን ደብተርም አትርሱት፤ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ እየተሠራ ነው፣ በሚገለበጥበት ጊዜ የሚፈጠረው ስሕተትም በቆጠራ ወቅት ጉድለት ሆኖ ይወጣል።

ሠራተኛዋ ከታዘዘው በላይ ብዛት ስትጽፍ እዚያው ሳጥኑ ላይ፣ ገና ሳትልከው፣ ማስጠንቀቂያ ማየት መቻሏ በእኔ እምነት ከፍጥነቱም ይበልጣል። ይሁን እንጂ ያው ማጣሪያ ሰርቨሩ ላይ መደገም አለበት፤ ብሮውዘር ላይ ያለን ማጣሪያ የፈለገ ሰው ሊያልፈው ይችላልና።

2ኛ መልስ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ወጪውንም ሳትደብቁ አቅርቡ። እኔ አሜሪካ ውስጥ በምሠራበት የመድን ድርጅት ዋናው ሲስተም አንጉላር ጄኤስ በተባለው የጉግል ላይብረሪ የተገነባ ነበር። ላይብረሪው እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ፤ ጉግል ድጋፉን በ2021 መጨረሻ አቆመ። አዲሱ አንጉላር ስሙ ቢመሳሰልም አሠራሩ ሌላ ስለሆነ ማያ ገጾቹን አንድ በአንድ እንደገና መጻፍ ግድ ሆነብን። ከዚያ በፊት ፍላሽና ሲልቨርላይት በተባሉት የብሮውዘር ተጨማሪ ፕሮግራሞች የሠሩ ድርጅቶችም ይህንኑ ቀምሰዋል፤ የፍላሽ ድጋፍ በ2020 መጨረሻ፣ የሲልቨርላይት ደግሞ በ2021 አብቅቷል።

እኛን ያዳነን አንድ ነገር ነው፤ የመድን ዋጋ ስሌቱና የፈቃድ ደንቡ በሙሉ ሰርቨር ላይ ስለነበሩ የተቀየረው ማያ ገጹ ብቻ ነበር። እናንተም የዕቃ ሚዛን ስሌትን ወደ ብሮውዘር አታውርዱ። ሪአክትም ሆነ ቪዩ በነፃ መጠቀምን በሚፈቅደው በኤምአይቲ ላይሰንስ ስለሚገኙ ክፍያ የለባቸውም፤ እንደ ኤክስት ጄኤስ ያሉ የንግድ ላይብረሪዎች ግን በዴቬሎፐር ቁጥር የሚከፈልባቸው ናቸው፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለእናንተ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ደረሰኞቻችን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው የሚጻፉት፤ ያየኋቸው የቀን መምረጫዎች ግን ጳጉሜን አያውቁም። በተጨማሪም ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት መመዝገብ ይቻላል ወይ?

1ኛ መልስ ሰጪ

ብሮውዘሮች ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የማሳየት ችሎታ አላቸው፤ ጃቫስክሪፕት በተባለው የብሮውዘር የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ኢንትል በሚባለው ክፍል በኩል ይገኛል። ቀን ለማስገባት ግን የብሮውዘሩ የራሱ የቀን ሳጥን የሚሠራው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ፣ 13 ወር ያለው፣ ጳጉሜንን 5 ወይም 6 ቀን የሚያደርግ የራሳችሁን መምረጫ ሥሩ። ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው ቀን በአውሮፓውያኑ ይሁን፤ ለሰው በሚታይበት ቦታ ሁሉ በእኛ ይሁን። ይህን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ከሠራችሁት በሁሉም ገጽ ያገለግላችኋል።

ያለ ኔትወርክ መመዝገብም ይቻላል። መስመሮቹ ኢንዴክስድ ዲቢ በተባለው የብሮውዘር ማከማቻ ይቀመጡና ግንኙነቱ ሲመለስ ይላካሉ። ሆኖም እያንዳንዱ ደረሰኝ ገና ብሮውዘር ላይ ሳለ የማይደገም መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ አለበለዚያ ሰርቨሩ ‹ደርሶኛል› ብሎ የሚመልሰው መልስ በመንገድ ላይ ሲጠፋ ሲስተሙ ደግሞ ይልክና አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይገባል።

ሲስተሙን በሙሉ አታፍርሱት። ቪዩም ሪአክትም በአንድ የፒኤችፒ ገጽ ውስጥ ብቻቸውን ሊገቡ ስለሚችሉ፣ የገቢ ደረሰኙን ገጽ ብቻ ቀይራችሁ ያቺ ሠራተኛ ባለችበት መጋዘን ጀምሩ። ደብተሯን ማታ መገልበጥ ስትተው ለኃላፊው የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።