ኢምፓክት ፕሌየር እስከ 2027? ኧረ ተዉን! (ክርክር፣ ኖቬምበር 2024)

ቡምራ ወዳጅ፦
ትናንት አንዱ እዚሁ «ኢምፓክት ፕሌየር (በጨዋታ መሀል 12ኛ ሰው ቀይሮ የማስገባት ህግ) እስከ 2027 መቀጠሉ እሰይ ነው። አይፒኤልን (የህንድን የክሪኬት ሊግ) የምናየው ለሲክስ (ስድስት ለሚያስቆጥር ምት) ነው። ቦውለሮቹ (ኳስ ወርዋሪዎቹ) ካለቀሱ ኳስ የሚወረውር ማሽን ይተከል» ብሎ ጻፈ። ሰዉም ላይክ ሲያደርግለት አመሸ። እኔን ግን ደሜን ነው ያፈላው። የህንድ ቦርድ እኮ ባለፈው ወር ይህንኑ ህግ ከሰይድ ሙሽታቅ አሊ ዋንጫ ላይ አንስቶታል። ለክልል ቡድኖቹ ያልበጀ ህግ ለአይፒኤል እንዴት በጀ? ካፒቴኑ መሀል ላይ ቦውለሩን ቀይሮ ባትስማን (መቺ) ያስገባል። ስምንተኛ ቦታ ላይ ሳይቀር መቺ ተቀምጧል። ታዲያ ከመምቻው ቦታ ተባርሮ መውጣት ማን ይፈራል? ሁሉም ከመጀመሪያዋ ኳስ ጀምሮ ዝም ብሎ ይወቃል። በ2024 ብቻ 200ና ከዚያ በላይ ራን (ነጥብ) 41 ጊዜ ተመታ። ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ድብደባ?

ናይት ራይደር፦
«አንዱ» ምናምን አትበል፣ እኔ ነኝ። ያልኩትንም አልውጠውም። ኤፕሪል 15 የሃይደራባዱ ሰንራይዘርስ 287 ሲመታ ቤንጋሉሩ እጁን አጣምሮ ቁጭ አለ? 262 መለሰ። በአንድ ማታ 549 ራን! ብዙም ሳይቆይ ፑንጃብ የኛን፣ የኮልካታን፣ 261 ስምንት ኳስ እየተረፈው አለፈው። በገዛ ሜዳችን፣ ኤደን ጋርደንስ! ቡድኔ እየተሸነፈ እንኳን ከወንበሬ አልተነሳሁም። 42 ሲክስ ነው በአንድ ጨዋታ። አንተ 140 ለ135 እያየህ ተኛ።

ቡምራ ወዳጅ፦
ራስህ አመጣኸው። ያን ማታ የፑንጃቡ ፕራብሲምራን ከቤንች ተነስቶ ገብቶ በ20 ኳስ 54 መታ። ህጉ ባይኖር እሱን ለማስገባት አንድ ሰው መተው ነበረባቸው። ያሸነፈው ካፒቴን ሳም ከረን ራሱ ክሪኬት ወደ ቤዝቦል እየተለወጠ ነው አለ። ቦውለሩ አሽዊን ደግሞ «ቦውለሮችን አድኑ» ብሎ ጻፈ። አንተ ግን ማሽን ትከሉ!

የዶሃው ጋሼ፦
ልጆች ረጋ በሉ። እኔ ጋራዥ ውስጥ ከህንድ ኬረላ ልጆች ጋር ነው የማየው። ያን ማታ አብሮን የነበረ አንድ ልጅ፣ አገሩ ቦውለር ነበረ፣ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ካራክ ሻዩን ይዞ ወጣ። ተመልሶም አልመጣ። እንደው ቦውለር መሆን እንዴት ያሳዝናል! ግን ህጉን ብቻ አትውቀሱ። ሜዳው ራሱ አስፋልት ነው። ባውንደሪው (የሜዳው ጠርዝ) ደግሞ አፍንጫህ ስር። የቤንጋሉሩ ሜዳ ቺናስዋሚ ላይ ህጉ ኖረ አልኖረ ኳስ ጣሪያ ላይ ትወጣለች።

ቡምራ ወዳጅ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሜዳውማ ድሮም ያው ነው። በ2022 ህጉ አልነበረም፣ 200 የተመታው 18 ጊዜ ነው። በ2023 ህጉ ገባ፣ 37 ሆነ። ከዚያ 41። ከዚህ በላይ ምን ላምጣልዎ?

የዶሃው ጋሼ፦
ልጄ፣ በ2022 የምድቡ ጨዋታ በሙሉ ሙምባይና ፑኔ ነው የተደረገው። ቺናስዋሚም ሃይደራባድም አልነበሩም። የማይገናኝ ነገር እያገናኘህ ነው።

ቡምራ ወዳጅ፦
እሺ ይሁን ጋሼ፣ 2022ን ይተዉት። የህንዱ ሮሂት ሻርማስ? «ክሪኬት በ11 ነው የሚጫወቱት፣ በ12 አይደለም» ያለው እኔ አይደለሁም። ኦልራውንደሮቹ (የሚመቱም የሚወረውሩም) ሺቫም ዱቤና ዋሺንግተን ሱንዳር በህጉ ምክንያት ኳስ የመወርወር እድል አላገኙም ብሎ አዘነ። ኮህሊም ሚዛኑ ተበላሽቷል አለ። ያውም ኮህሊ፣ በዚያው ሲዝን 741 ራን የመታ ሰው! ከህጉ የተጠቀመው ሰው ሲቃወም አንተ ማን ነህ?

ናይት ራይደር፦
ዱቤ ዱቤ ትሉናላችሁ። ጁን 29 ባርባዶስ ላይ ህንድ የዓለም ዋንጫ ስታነሳ ዱቤ አልነበረም? ህጉ ኦልራውንደር ከገደለ ዋንጫውን በምን አነሱት?

ሙምባይ እስከ ሞት፦
በማን ነው የሚባለው። በሃርዲክ! የመጨረሻውን ኦቨር (ስድስት ኳስ) ማን ወረወረ? የደቡብ አፍሪካውን መቺ ክላሰንን ማን አስወጣው? ኤፕሪል ላይ በገዛ ሜዳው ዋንኬዴ ስታዲየም «ቡ» እያላችሁ ስትጮሁበት የነበራችሁ ሰዎች ዛሬ ደግሞ «ኦልራውንደር ይጠበቅልን» ትላላችሁ።

ቡምራ ወዳጅ፦
ሃርዲክ እኮ ለኔ ምስክር ነው። ኦልራውንደር ነው፣ ያን ኦቨር እሱ ነው የወረወረው። ቀጣዩ ሃርዲክ ከየት ይምጣ? ልጁ ባት ብቻ አድርጎ ቤንች ይመለሳል፣ ኳስ አይነካም።

የሻርጃዋ፦
ሙምባይ እስከ ሞት፣ አንተ እንኳን ዝም በል። አስረኛ ነው የወጣችሁት፣ ከአስር።

ሙምባይ እስከ ሞት፦
አምስት ዋንጫ አለን እህቴ። ቁጠሪ።

የሻርጃዋ፦
ስለ 2024 ነው ያወራነው። ወደ ማሽኑ ልመለስ፣ እኔን የከነከነኝ እሱ ነው። ናይት ራይደር፣ ያንተ ማሽን ሜይ 26 ቼናይ ላይ የናንተው ቦውለር ስታርክ ያደረገውን ያደርጋል? ፍጻሜው ነው፣ የመጀመሪያው ኦቨር። የሰንራይዘርሱ አቢሼክ ሻርማ፣ በሲዝኑ 42 ሲክስ የመታው ልጅ፣ ወደ እግሩ የምትመጣ መስላው ባቱን አወጣ። ኳሷ በባቱ ጎን ሾልካ ከኋላው የተተከለውን እንጨት፣ የኦፍ ስተምፑን ጫፍ ላሰችው፣ ወጣ። ልጁ ዞሮ እንኳን አላየም፣ ድምጿ በቃው። በቀጣዩ ኦቨር ሌላው መቺ ሄድ በመጀመሪያ ኳሱ ወጣ፣ ዜሮ። 287 የመታው ቡድን 113 ላይ አለቀ። በአይፒኤል ፍጻሜ ከዚያ ያነሰ ተመቶ አያውቅም። ዋንጫህን ያመጡልህ ቦውለሮች ናቸው፣ አንተ ግን ማሽን ተክለህ ልታባርራቸው!

ናይት ራይደር፦
አንቺ እኮ ሳታውቂው ለኔ ተከራከርሽ። ህጉ እያለ አይደል እንዴ 113 ላይ ያለቁት? ጎበዝ ቦውለር ህግ አይበግረውም ማለት ነው። የወዳጃችን ቡምራም፣ የሙምባዩ ቦውለር፣ በዚሁ ህግ 20 ዊኬት ወስዷል (20 መቺ አስወጥቷል)፣ በኦቨር 6.48 ብቻ እየሰጠ።

ቡምራ ወዳጅ፦
ቡምራ አንድ ነው! ሌላውስ? በቡምራ ህግ አይወጣም።

ላሆሬ፦
ፒኤስኤል (የፓኪስታን ሊግ) ላይ ይሄ ጣጣ የለም። አስራ አንድ ሰው ገባ፣ አስራ አንድ ሰው ተጫወተ፣ አለቀ።

ሙምባይ እስከ ሞት፦
መጣ ደግሞ ይሄ።

ላሆሬ፦
ምነው፣ ፓኪስታኖችን ከ2008 ወዲህ አላስገባ ያላችሁት ቦውለራቸውን ፈርታችሁ አይደል?

የዶሃው ጋሼ፦
ወደ ፖለቲካ አትግቡ። እኔ ሁለቱም ወገን የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ነገ አብረን ነው ምሳ የምንበላው።

ቡምራ ወዳጅ፦
እሺ በገንዘብ እንነጋገር። ቡድኖቹ የሚያስቀሩትን ተጫዋች ኦክቶበር 31 አሳወቁ አይደል? ሰንራይዘርስ ለክላሰን 23 ክሮር (አንዱ ክሮር አስር ሚሊዮን ሩፒ ነው)። ሙምባይ ለቡምራ 18። በዓለም አንደኛው ቦውለር ከአንድ መቺ በአምስት ክሮር አነሰ። ገበያው ራሱ ቦውለር አያስፈልግም እያለህ ነው።

የሻርጃዋ፦
እዚያው ሰንራይዘርስ ለቦውለሩ ከሚንስ 18 ሰጥቶ የለ? አቢሼክና ሄድ 14፣ 14 ናቸው። እዚሁ ዱባይ ባለፈው ዲሴምበር በተደረገው ጨረታ ደግሞ ውዶቹ ሁለቱም ቦውለሮች ናቸው። ስታርክ 24.75፣ ከሚንስ 20.50። ለአንተ የሚመችህን እየመረጥክ አታምጣ።

ቡምራ ወዳጅ፦
ስታርክ? የመጀመሪያ ሁለት ጨዋታውን ረሳሽው? ስምንት ኦቨር፣ 100 ራን፣ ዜሮ ዊኬት። ያኔማ በእውነት ማሽን ይሻል ነበር።

ናይት ራይደር፦
አይ አይ! አሁን አንተም ማሽን አልክ! ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ።

ቡምራ ወዳጅ፦
አንተ ኮልካታን የምትደግፈው ለቡድኑ ባለቤት ለሻህሩክ ካን ነው። ክሪኬት ምን ገባህ?

ናይት ራይደር፦
ሲኒማ ራስ የህንድ ፊልም እያየሁ ነው ያደግሁት፣ አላፍርበትም። ሻህሩክ ባይኖር ክሪኬት የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። ይልቅ ለዚህ መልስ፦ አሹቶሽ ሻርማን ከዚህ ሲዝን በፊት ታውቀው ነበር? ፑንጃብ ኢምፓክት አድርጎ ነው ያስገባው። የቦርዱ ጸሐፊ ጄይ ሻህም ያለው ይሄንኑ ነው፣ በየጨዋታው ሁለት ተጨማሪ የህንድ ልጅ እድል ያገኛል።

ቡምራ ወዳጅ፦
ታዲያ ሙሽታቅ አሊ ላይ ለምን አነሱት? የልጆቹ መውጫ እሱ አይደል? ከመጀመሪያ ጀምሮ ይሄን ነው የምጠይቀው። ሁላችሁም ስለ ሻህሩክ ትነግሩኛላችሁ።

ናይት ራይደር፦
ቦርዱን ጠይቅ። እኔ ምን አውቃለሁ።

የዶሃው ጋሼ፦
የዚህን ወር ጨረታ ጅዳ አድርገውታል አሉ፣ 24 እና 25። ጅዳ ያላችሁ ልጆች፣ ሰው ያስገባሉ?

ሙምባይ እስከ ሞት፦
ጋሼ፣ ማስገባቱን እንጃ። ኮልካታ ግን ዋንጫ ያነሳለትን ካፒቴን ሽሬያስ ኢየርን እዚያው ጅዳ ለገበያ አውጥቶታል። ይሄስ አይገርምም?

ናይት ራይደር፦
ኢየርን አታንሱብኝ። ሪንኩን በ13 አስቀርተናል፣ ናራይን አለ፣ ራስል አለ፣ ቫሩን አለ።

የሻርጃዋ፦
ስታርክንም ለቃችሁታል እኮ። ፍጻሜውን ያሸነፈላችሁን ሰው!

ናይት ራይደር፦
መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሪው። 17 ዊኬት በ24.75 ክሮር። አንዱ ዊኬት ከ1.4 ክሮር በላይ ነው የወጣው።

የሻርጃዋ፦
የአቢሼክንም ዊኬት በዚያው ዋጋ ነው የምትቆጥረው?

ናይት ራይደር፦
የአቢሼክን ለብቻው አስቀምጪው።