አያቴ ሻማን ነበረች ማለት ይቻላል?

የከዚራዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አያቶቼ ቤት ነው። እማማ (አያቴን እንደዚያ ነበር የምንላት) ዛር ነበረባት። በቤታችን ግን «ዛር» አይባልም። «እንግዳው» ነው የሚባለው። ሐሙስ ማታ እንግዳው የሚመጣ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ያስታውቃል። ቤቱ ይጠረጋል፤ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ቡና ይፈላል፤ እጣን ይጨሳል። እማማ ከአልጋዋ ሥር ሰማያዊዋን ሣጥን ትስባለች። ውስጧ ጨሌ፣ ነጭ ሻሽና አንድ ጠርሙስ ሽቶ አለ።

ጨሌውን ካጠለቀች በኋላ መጀመሪያ የምታደርገው ማዛጋት ነው። ታዛጋለች፣ ደግማ ታዛጋለች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ አንገቷ። ከዚያ ታጓራለች። ድምጿ የወንድ ይሆናል።

እማማ በሌላው ቀን ባሏ ፊት ቀና ብላ የማትናገር ሴት ነበረች። አባባ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ኮስታራ ሰው። የዚያን ማታ ግን በሩ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ይልና «እሺ ጌታዬ» ይላል። «ሽቶ እንደምታመጣ ቃል ገብተህ ነበር» ይለዋል እንግዳው በእማማ አፍ። «ከጅቡቲ ስመለስ ይዤ እመጣለሁ ጌታዬ።» ያመጣም ነበር። ጠዋት እማማ ምንም አታስታውስም። አንገቷን እያሻሸች «ማታ ምን አልኩ?» ትለኛለች።

አሁን ውጭ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ከበሮ እየተመታ ዓይን ጨፍኖ «ነፍስ የሚጓዝበት» ሥልጠና ገብታለች። ሻማኒዝም ነው የሚሉት። «እማማ እኮ ሻማን ነበረች፤ ደሙ እኛም ጋ አለ፤ ጨሌውን ላኪልኝ» አለችኝ። ጨሌው እኔ ጋ ነው። እናቴ ደግሞ የጨሌውን ስም እንዳነሳባት እንኳ አትፈልግም።

ሻማን ማለት ምንድን ነው? ከዛር ጋር አንድ ነው? ሰው እንደዚያ ሲሆን ምን እየሆነ ነው? ስድብና ስብከት ይቅርብኝ። እማማን በጣም እወዳታለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ስለ አያት በዚህ ዓይነት አክብሮት ሲጠየቅ ደስ ይላል። እኔ ሐረር ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ። እናቴም ባለ ውቃቢ ነበሩ። ያነበብኩትን ካየሁት ጋር አድርጌ ልንገርሽ።

ሻማን የሚለው ቃል የሳይቤሪያ ነው። የተወሰደው አጋዘን ከሚያረቡት ከኤቨንኪዎች ቋንቋ ነው። እዚያ ሰው ሲታመም ሻማኑ «ነፍሱ ጠፍታለች» ይልና ሊፈልጋት ይሄዳል። ሰውነቱ ድንኳኑ ውስጥ ይቀራል፤ እሱ ግን ወደ ላይኛው ወይም ወደ ታችኛው ዓለም ይጓዛል። የሚጓዘውም በከበሮው ነው። እዚያው ሳይቤሪያ ያሉት አልታዮችና ያኩቶች የሚባሉ ሕዝቦች ከበሮውን ፈረስ ይሉታል፤ መምቻው አለንጋ ነው። ሻማኑ ጋላቢ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሶቪየት ባለሥልጣናት ሻማኖችን ሲያሳድዱ ከበሮዎቻቸውን የወሰዱባቸው ለዚህ ይመስለኛል። ፈረሱን የወሰድክበት ሰው የትም አይሄድም።

አሁን ወደ እማማሽ ልምጣ። ዛር ያለበትን ሰው በአማርኛ ምን እንላለን? የዛር ፈረስ። ይቺን ቃል ያዢልኝ። እዚያ ፈረሱ ከበሮው ነው፣ የሚጋልበው ሰው ነው። እኛ ጋ ፈረሱ ሰው ነው፣ የሚጋልበው ዛሩ ነው። እዚያ ሰው ይሄዳል፤ እዚህ እንግዳ ይመጣል። ቤታችሁ «እንግዳው» ማለቱ ራሱ መልሱን ይዟል።

ሚርቻ ኤሊያዴ የሚባል የሃይማኖት ታሪክ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1951 ሻማንን ከሌላው የለየው በዚሁ በነፍስ ጉዞ ነበር። ልዩነቱ ግን እንደ ግንብ አጥር አይደለም። የሳይቤሪያ ሻማንም አንዳንዴ መንፈስ ጠርቶ በራሱ ላይ ያስቀምጣል። እኛም ጋ ትልቅ ባለዛር የሚባለው ሰው የሌላውን ሰው ዛር ስሙን ያስነግራል፣ የሚፈልገውን ይጠይቃል፣ ይደራደራል። እሱ ለሻማን ይቀርባል። እማማሽ ጋ ሕመምተኛ ይመጣ ነበር? ካልመጣ፣ እሳቸው ፈረስ እንጂ ጋላቢ አልነበሩም።

ሌላም ላስታውስሽ። የዛርን አመጣጥ አሮጊቶች ሲያወሩ ሰምተሽ ይሆናል። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ በጣም የሚያምሩትን 15ቱን ደበቀቻቸው። የተደበቁት እንደተደበቁ ቀሩ፤ ዛር ሆኑ። ስለዚህ ዛር ወንድማችን ነው። ጠበል ቦታ ሰይጣን ይወጣል፤ የዛር ቤት ግን እንግዳው አይባረርም፣ ይስተናገዳል። ሽቶው፣ ቡናው፣ ዶሮው ለዚሁ ነው።

ፈረንሳዊው የባህል አጥኚ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ያየውን ይህንን ነገር ኋላ ላይ «የሚኖሩት ቴአትር» አለው። ማስመሰል ማለቱ አልነበረም፤ ሰውየው ከልቡ የሚኖረው ቴአትር ማለቱ ነው። እኔ ግን ቴአትር የሚለው ቃል አይዋጥልኝም። ልጅ ሆኜ አንድ ማታ ከቡናው ምድጃ ፍም ተፈናጥሮ እናቴ እግር ላይ አረፈ። አልነቀነቁትም። እኔ ነኝ በጉጠት ያነሳሁት። ጠዋት ውሃ የቋጠረውን ቦታ አይተው «ማን አቃጠለኝ?» አሉ።

ስለ ሽቶው አንድ ነገር ልጨምር። ዮአን ሉዊስ የሚባል ብሪታኒያዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰሜን ሶማሊያ ተቀምጦ ያጠናው የነሱን «ሳር» ነው። ሳር የዛር ወንድም ነው። ከባሏ ምንም መጠየቅ የማትችል ሚስት በሳሩ አፍ ልብስና ሽቶ እንደምትጠይቅ ጽፏል። ያንቺን ታሪክ ሳነብ ያ ትዝ አለኝ። ግን እማማሽ አውቀው አደረጉት እያልኩሽ አይደለም።

የጁገል ልጅ፦

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። እኔ ሐረር ጁገል ውስጥ ነኝ። ሁሉንም «ትራንስ»፣ ከተለመደው ንቃት መውጣት፣ ብለው በአንድ ከረጢት የሚከቱ ሰዎች አሉ፤ የእኛን ዚክሪ ከዛር ጋር የሚደባልቁ። እሱ ያመኛል።

ዚክሪ ላይም ከበሮ አለ። የእንጨት ጭብጨባውም አለ፤ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት እርስ በርሱ ይመታል። ሌሊቱን ሙሉ በአዋች ደጅ፣ ማለትም በአባቶቻችን መካነ መቃብር፣ ቁጭ ብለን ፈጣሪንና ነቢዩን እናወድሳለን። ሹዋሊድ ሲደርስ ደግሞ ከተማው ሁሉ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው። በዚያ ሰዓት «ሐል»፣ ማለትም መመሰጥ፣ የሚይዘው ሰው ይኖራል። አጎቴን ይይዘዋል። ያለቅሳል፤ ቆሞ ይወዛወዛል፤ እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል። ግን በአጎቴ አፍ ሌላ ማንም አይናገርም። ማን ነህ ቢሉት የራሱን ስም ነው የሚናገረው። ጠዋትም የትኛው ግጥም ላይ እንደያዘው ይነግርሻል።

በጋሼ አነጋገር፣ እኛ ጋ ጋላቢም ፈረስም የለም። ሰውየው እዚያው ቦታው ላይ ነው ያለው። ከበሮው ብቻውን ሰው አያስወዛውዝም። በሠርግ ያው ከበሮ ሲመታ አጎቴ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ምንም አይሆንም።

ጡረተኛው መምህር፦

የጁገል ልጅ፣ ያልከውን የሙዚቃ ተመራማሪው ዢልቤር ሩዤም ይላል። ከበሮ እንደ መድኃኒት በራሱ ሰውን ትራንስ ውስጥ አይከትም፤ ዜማውንና ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ነው የሚገባበት። እማማዋም ሬዲዮ ላይ ከበሮ ሲሰሙ አልተነሳባቸውም ይሆናል።

የሳቢያኗ ነርስ፦

እህቴ፣ «ምን እየሆነ ነው» ላልሽው እኔ በሥራዬ ያየሁትን ልንገርሽ። አእምሮ ትኩረቱን በአንድ ነገር ላይ ጥቅልል አድርጎ ሌላውን ሲዘጋ ሕመም ላይሰማ፣ ትዝታም ላይቀር ይችላል። በሽታ ነው ማለት ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አሥራ አንደኛው የበሽታዎች ዝርዝር እንኳ መንፈስ ይዞኛል የሚል ሁኔታን ሕመም የሚለው ሰውየው ሳይፈልገው የሚመጣና የሚያሰቃየው ሲሆን፣ የባህሉ ወይም የሃይማኖቱ አካል ካልሆነ ነው።

ይህን የምለው አንድ የሚያቃጥለኝ ነገር ስላለ ነው። የ9 ዓመት ልጅ አመጡልን። ሁለት ዓመት ሙሉ «ዛር ነው» እየተባለ ከቤት ቤት ሲዞር የኖረ ልጅ። የሚጥል በሽታ ነበር። ምድጃ ላይ ወድቆ ግራ እጁ ተቃጥሏል፤ ሦስት ጣቶቹ ተጣብቀዋል። ፊኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጀመረ፤ መውደቁ በወራት ውስጥ ቀነሰ። ጣቶቹ ግን እንደተጣበቁ ናቸው።

እማማሽ ሐሙስ ማታ፣ ቡናና እጣን ተዘጋጅቶ ነው የሚነሳባት። የሚጥል በሽታ ቄጤማ እስኪጎዘጎዝ አይጠብቅም። መንገድ ላይ፣ እንቅልፍ ላይ ይመጣል፤ ምላስ ያስነክሳል፣ ሽንት ያስለቅቃል። እንደዚህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ።

የከዚራዋ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጋሼ፣ እማማ ጋ ሕመምተኛ መጥቶ አያውቅም። የራሷን እንግዳ ብቻ ነበር የምታስተናግደው። ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ ደውዬ «ሻማን አልነበረችም፤ ፈረስ ነበረች» አልኳት። ዝም አለች። በኋላ «እና ጨሌው?» አለች። ጨሌው ድሬ ይቀራል አልኳት። በክረምት ስትመጣ ሣጥኗን አብረን እንከፍታለን።

ያነበብኩትን ለእናቴም ነገርኳት። የሽቶው ነገር ላይ ስደርስ እጇን አነሳች፤ አቁሚ ማለቷ ነው። ከዚያ ራሷ ጀመረች። አባባ ከሞተ በኋላ እንግዳው አራት ዓመት ያህል መጥቷል። ቡናውን ይጠጣል፣ እጣኑን ይሞቃል፣ ይሄዳል። እናቴ የምትለኝ፣ አንድም ቀን ሽቶ አልጠየቀም።