እህቴ ከሰልፍ ተይዛ የት እንዳለች አይነግሩንም፤ ምን እናድርግ? አስቸኳይ!

ሳምሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ታናሽ እህቴን ትናንት ወስደዋታል። ጣቢያ ሄድን፣ «እዚህ የለችም» አሉን። ሌላ ጣቢያ ሄድን፣ እነሱም የለችም አሉ። ስልኳ ዝግ ነው። አልሰረቀች፣ ማንንም አልነካች፣ ቤት ከፈረሰባቸው ሰዎች ጋር ወረቀት ይዛ ቆመች እንጂ። እናቴ ዓይኗን ሳትከድን ነው ያደረችው። ፍርድ ቤት ነው የሚኬደው ወይስ ፖሊሶቹን መለመን ይሻላል? የምናውቀው ጠበቃ የለም።

ኪያ፦
አይዞሽ የኔ እህት። ግን ዋና ዋናውን ሳትነግሪን ዘለልሽው። ስንት ሰዓት ላይ ተያዘች? የያዟት ዩኒፎርም ለብሰዋል ወይስ ሲቪል? አብሯት የተያዘ ሰው አለ? እሱን ካላወቅን የት ሂጂ እንበልሽ?

አባ ዳዊት፦
ልጄ ሳምሪ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔ ሦስት መንግሥት አይቻለሁ። በደርግ ጊዜ ሰው ተወሰደ ማለት እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች ማለት ነበር። አሁን ቢያንስ የተጻፈ ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብንና አቤቱታ ማቅረብን ይፈቅዳል። አንቀጽ 17 ከሕግ ውጪ ማንም አይታሰርም ይላል። እናንተ ወጣቶች ግን መብታችሁን የምታነቡት ከታሰራችሁ በኋላ ነው። አንዲት ትንሽ ደብተር ገዝታችሁ አንቀጾቹን መጻፍ፣ ለታናናሾቻችሁም ማስረዳት ነበረባችሁ። በእኛ ጊዜ የጥናት ክበብ የሚባል ነገር ነበር፣ ማታ ማታ በኩራዝ እየተሰበሰብን…

ብሩክ ዘጀሞ፦
ጋሼ፣ ትምህርቱ መልካም ነው ግን ሳምሪ አሁን መንገድ ላይ ነች።

ታዘብኩ፦
እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ፈቃድ ነበራቸው? ፈቃድ ሳይኖር ሰልፍ ተወጥቶ «በዘፈቀደ ታሰረች» ማለት ልክ አይመስለኝም። ሕግ ለሁሉም ነው። መጀመሪያ ሰልፉ ሕጋዊ ነበር ወይ ብለን እንጠይቅ።

ሳምሪ፦
ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ። አብዛኞቹ እናቶች ነበሩ፣ ጃንጥላ የያዙ። ዝም ብለው ቆመው ነበር፣ መፈክር እንኳ አልነበረም። ሁለት ሲቪል የለበሱና ዩኒፎርም ያላቸው መጥተው በፓትሮል ወሰዷቸው። አራት ናቸው፣ ሦስቱን ማታ ለቀዋቸዋል። እሷን ብቻ አስቀሯት፣ ምክንያቱም ፎቶ ስታነሳና የሰዎቹን ስምና የፈረሰባቸውን ቤት ስትመዘግብ ነበር። የመብት ድርጅት በጎ ፈቃደኛ ነች። ደግሞ አስም አለባት፣ ፓፏ ቤት ቀርቷል።

ኪያ፦
ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪን ጥሩ ነበር! የተለቀቁትን ሦስቱን አግኚያቸው። የት እንደተወሰዱ እነሱ ያውቃሉ እኮ!

የሕግ ሰው፦
ሳምራዊት ይሁን ሳምሪ፣ በደንብ አንብቢኝ። በፌደራል ፍርድ ቤት ጥብቅና እሠራለሁ።

የያዛት አካል በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ 3 ነው። የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተይዛ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ለመቅረብ ይሄ ሰበብ አይሆንም። ስለዚህ የእናንተ ሰዓት ነገ 9 ሰዓት ላይ ይሞላል።

ኪያ ያለችው ልክ ነው፣ ከተለቀቁት አንዱን ይዘሽ ሂጂ። ጣቢያው ስትደርሺ ማንን እንዳናገርሽ፣ ማዕረጉን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንዳለሽ ወረቀት ላይ ጻፊ። እዚያው በር ላይ ጻፊው፣ ቤት ስትገቢ ትረሺዋለሽ። የለችም ካሉ ኃላፊውን ጠይቂ። አንቀጽ 21 ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኛት ይፈቅዳል፤ ይህን በትሕትና ንገሪያቸው እንጂ አትሟገቺ። በአዲስ አበባ ፖሊስ ኮሚሽን (ሦስተኛ የምንለው) እና ሜክሲኮ ባለው የፌደራል ወንጀል ምርመራም ጠይቁ፣ ከጣቢያ አዛውረዋት ይሆናል።

48 ሰዓቱ ሞልቶ ካልቀረበች ወይም ጭራሽ ክደው ከቀሩ፣ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይገባል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 177 ጀምሮ ነው። እሷ ራሷ መፈረም ስለማትችል አንቺ በእሷ ስም ታቀርቢያለሽ፣ በመሐላ አስደግፈሽ። ማን ጋ እንዳለች፣ እንዴት እንደተያዘች፣ ማን እንዳየ ይጻፋል። ፍርድ ቤቱ ያሰረውን አካል ሰውየዋን ይዘህ ቅረብ፣ ለምን እንደያዝክም አስረዳ ይለዋል።

ጠበቃ ለመክፈል አቅም ከሌላችሁ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ጠይቁ። እኔም በውስጥ መስመር አለሁ።

ሰናይት፦
ወንድሜ የታሰረ ጊዜ እኛንም እንዲሁ የለም ብለውን ነበር። አንድ የጥበቃ ፖሊስ ሚስት ናት የመከረችን። ስንቅ ይዘሽ ሂጂ። እህቴን አሳዩኝ አትበዪ፣ «ስንቅ ላደርስ ነው» በይ። ሳህኑ ላይ ስሟን ከነአባቷ በፕላስተር ለጥፊ። ከተቀበሉሽ እዚያ ነች። ባዶው ሳህን ሲመለስ ደግሞ ተረጋገጠ ማለት ነው። ብርጭቆና ብረት ማንኪያ አትያዢ፣ አያስገቡም። በር ላይ ቅመሺ ይሉሻል፣ ቅመሺና ስጪያቸው። ፓፉን ከነካርቶኑ፣ ማኅተም ያለው የሐኪም ወረቀት አያይዘሽ ላኪ። ወረቀት ከሌለው መድኃኒት አይቀበሉም።

ብሩክ ዘጀሞ፦
ሰናይት እውነቷን ነው። ዶሮ ወጥ ግን እንዳትልኪ፣ ቅምሻው ረዝሞ ድስቱ ባዶውን ነው የሚገባው።

ኪያ፦
ብሩክ እባክህ። እናቷ ልታነብ ትችላለች።

ታዘብኩ፦
ጥያቄዬን ማንም አልመለሰም።

የሕግ ሰው፦
ልመልስልህ። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ፈቃድ አይልም። አዘጋጆቹ ከ48 ሰዓት በፊት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያሳውቃሉ ነው የሚለው። አስተዳደሩ ቦታ ወይም ሰዓት ቀይሩ ማለት ከፈለገ ምክንያቱን በጽሑፍ በ12 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ሰልፉ በየትም ቦታ፣ በምንም ጊዜ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። ሰዉ ሁሉ «የፈቃድ ደብዳቤ» ሲል ስለለመደ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ሕጉ ውስጥ የለም።

ሌላም አለ። ማሳወቂያ አልገባም እንበል። የልጅቷ ሥራ መመዝገብ ነበር። ተሰልፈው የቆሙት ማታ ተለቀው የጻፈችው ከቀረች፣ የታሰረችው በምኗ ይመስልሃል?

ታዘብኩ፦
የ12 ሰዓቱን አላውቅም ነበር። ግን ፖሊስም እኮ ጸጥታ የማስከበር ሥራ አለበት፣ ሁሉንም ነገር በክፉ አንይ።

ወንድሜነህ፦
ጸጥታ ማስከበርና ሰው ደብቆ «የለችም» ማለት ምን ያገናኘዋል? ይሄ አዲስ አይደለም። በ2011 ጥቅምት ላይ ጠበቃ ሄኖክ አክሊሉና ሚካኤል መላከ የታሰሩት ከቡራዩው ግድያ በኋላ አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ሰልፍ ሰበብ ነው። ያኔ ከሺህ በላይ ወጣት ያለ ክስ ጦላይ ወታደራዊ ካምፕ ተወስዶ ነበር። በታኅሣሥ 2015 ደግሞ አራት የኢሰመጉ (የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ) ሠራተኞች ከከተማው ዳር ስለ ቤት ፈረሳ መረጃ ሲሰበስቡ ተይዘው ከሳምንት በኋላ በዋስ ወጡ። ልክ እንደ ሳምሪ እህት። በኅዳር 2016 የጸረ ጦርነት ሰልፍ አስተባባሪዎች የተያዙት ሰልፉ ሳይደረግ ነው። የተመዘገበ ስም ነው የሚያስፈራቸው። ስለዚህ ታዘብኩ፣ «ፈቃድ ነበራት?» ከማለትህ በፊት «የት ናት?» በል።

ጌች 48፦
48 ሰዓት ነው። 48 ሰዓት! አንቀጽ 19!

ኪያ፦
ተብሏል ጌች።

ሊያ የቴክኖሎጂ፦
ስለ ስልኩ ማንም አላነሳም። ስልኳ በእነሱ እጅ ከሆነ የእነዚያ እናቶች ስምና ፎቶ እዚያው ውስጥ ነው። ቤት ላፕቶፕ ካላት ቴሌግራሟ ክፍት ይሆናል። ከዚያ ሆናችሁ የስልኩን መግቢያ ማቋረጥ ትችላላችሁ፣ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለው ጋ። የኢሜይሉንም የይለፍ ቃል ቀይሩ። ከቻላችሁ ሁሉንም አጥፉት።

የሕግ ሰው፦
ሊያ፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ማጥፋት አይሆንም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 67 ዋስትና ከሚከለከልባቸው ምክንያቶች አንዱ ማስረጃ ታጠፋለች ወይም ምስክር ታባብላለች የሚል ነው። ቤተሰቧ ካጠፋ መርማሪው ችሎት ላይ ይሄኑ ነው የሚያነሳው። ማጥፋቱን ተዉት፣ የምትሠራበት ድርጅት ይወቅና የሰዎቹን ደኅንነት እሱ ያስብበት። ለድርጅቷ እስካሁን አልደወላችሁም?

ሳምሪ፦
ደውያለሁ፣ ጠበቃ ይፈልጉላታል። ስንቁን ወሰድኩ! መጀመሪያ የሄድንበት ጣቢያ ነች። በሩ ላይ የነበረው እንደገና «የለችም» አለ። ቆሜ ስጠብቅ ሌላ ልጅ እግር ፖሊስ መጣና ስሟን አንብቦ ቅመሺ አለኝ። ከሽሮው ቆርሼ ቀመስኩና ወሰደው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባዶውን ሳህን አመጣልኝና «ሞዴስና ካልሲ ላኩልኝ ብላለች» አለኝ። እናቴ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ፓፉን ተቀብሎኛል። ግን አላሳዩንም፣ መዝገብ ላይ ስሟ የለም አሉ። አሁን አንድ ሰው ደውሎ 50 ሺህ ብር ከሰጣችሁ ዛሬ ማታ ትወጣለች አለን። ቁጥራችንን ከየት እንዳገኘው አላውቅም። እናቴ ወርቋን ልትሸጥ ነው።

ሰናይት፦
ተመስገን! ተመስገን! ወርቁን ግን እንዳትነኩት። የእኛ ጎረቤት እንዲህ ብሎ ከፍሎ ሰውየው ስልኩን ዘጋበት። ልጁ የወጣው በዋስ ነው፣ ያውም ቆይቶ።

የሕግ ሰው፦
አትክፈሉ። ሰውየው የውስጥ ሰው ቢሆን እንኳ ጉቦ ሰጣችሁ ተብላችሁ እናንተም ትጠየቃላችሁ። የደወለበትን ቁጥርና ሰዓቱን ያዢው።

ሳህኑ ትልቅ ነገር ነው። ማን እንደተቀበለሽ፣ ስንት ሰዓት እንደመለሰ፣ ምን ላኩልኝ እንዳለች ጻፊ። መዝገብ ላይ የለችም ቢሉ አቤቱታው ላይ የምናሰፍረው ይሄንን ነው። የልጁን ስም ግን በአደባባይ አታንሺ፣ ደግ ስለሠራ አይጎዳ።

ነገ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው የፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አራዳ ምድብ ጊዜ ቀጠሮ ችሎት ይሁን። ለቤተሰብ ሳይናገሩ ሊያቀርቧት ይችላሉ። አንድ ሰው ጣቢያው በር ላይ ይቅር፣ ሲያወጧት እንዲደውል። ችሎት ከቀረበች መርማሪው ታስራ ትቆይልኝ ብሎ ለምርመራ 14 ቀን ይጠይቃል፣ ልማዱ ነው። 14 ቀን በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ጣራ ነው እንጂ የግድ የሚሰጥ አይደለም። ምን ምርመራ እንደቀረው ይናገር፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው፣ ፎቶው እጁ ላይ ነው፣ ታዲያ እሷን ማሰር ለምን አስፈለገ? ይሄን ጠበቃው ይበለው። ቋሚ አድራሻ እንዳላት የቀበሌ መታወቂያ፣ የአስሙን የሐኪም ወረቀትና ዋስ የሚሆን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ።

አባ ዳዊት፦
ይህ ነው ምክር ማለት። ልጄ፣ እናትሽን በቀጠሮው ቀን ችሎት አታስገቢያት፣ ልጇን በካቴና ብታይ አትችለውም።

ሰናይት፦
እኔ ደግሞ ትግባ እላለሁ ጋሼ። ወንድሜ እናታችንን አይቶ ነው ቀና ያለው።

ወንድሜነህ፦
በማኅበራዊ ሚዲያ እንጩህላት?

የሕግ ሰው፦
ውሳኔው የቤተሰቡና የእሷ ነው። ጠበቃ ሲያገኛት ይጠይቃት። ለኢሰመኮ (ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን) ግን ዛሬውኑ አመልክቱ፣ ፖሊስ ጣቢያ ያለ ማስጠንቀቂያ ገብቶ የመጎብኘት ሥልጣን አለው። ለኢሰመጉም እንዲሁ። ነገሩ ከረዘመ የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስራት የሥራ ቡድን አለ፤ የአገር ውስጥ ፍርድ ቤት አልጨረሳችሁም ብሎ አይመልስም፣ አስቸኳይ አቤቱታም ይቀበላል። በ2005 ኅዳር የእስክንድር ነጋን እስራት በዘፈቀደ የተደረገ ነው ብሎ ወስኗል። እስክንድር የተፈታው ግን በ2010 ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ችሎት መገኘታችሁን አይተካም።

ሳምሪ፦
ችሎቱ በር ላይ ነኝ። ጠበቃው መጥቷል። ብዙ ቤተሰብ አለ እዚህ፣ ሁሉም ፌስታል ይዟል። የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ነው፣ ስወጣ እጽፋለሁ።

ኪያ፦
ሳምሪዬ እንዴት ሆነ?

ጌች 48፦
48ቱ ሞላ እኮ። ምን አሉ?

ሰናይት፦
ሰው ካላት ስልኳ ላይ ይደውልላት። እግዜር በቸር ያውጣት።

የጣና ልጅ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔ ባሕር ዳር ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ፣ እሱም የመብት ነገር ላይ ይሠራል፣ ከያዙት ሦስተኛ ቀኑ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ክልል ላይም ይሠራል?

የሕግ ሰው፦
48 ሰዓቱ ሕገ መንግሥት ስለሆነ ባሕር ዳርም ያው ነው። የያዘው የክልል ፖሊስ ነው፣ ፌደራል ነው ወይስ መከላከያ? እሱን ንገረኝ፣ አቤቱታው የሚገባበት ፍርድ ቤት በዚያ ነው የሚለየው። ስንቅ ልካችሁለታል?