ቀብድ ከተከፈለ በኋላ 60 እንግዳ ቢጨመር ኪሳራው የማን ነው?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ክርክራችን ይኸው። የጥር ሠርግ ነው እንበል። እናንተ ምግብ አቅራቢ ናችሁ፤ ለ300 ሰው ተዋውላችሁ ቀብድ ተቀብላችኋል፤ ሠርጉ ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ማታ ደንበኛዋ ደውላ «360 ደርሰናል፤ በጀታችን ግን ያው ነው፤ እንደምንም አብቃቁልን» አለች። ግማሹ ሰው «ደንበኛ እንዳይከፋ ቻሉት» ይላል፤ ግማሹ «አንድ ሰሃን በነፃ አይወጣም» ይላል። በቁጥር ተከራከሩ።

ከወጥ ቤት፦ «አብቃቁ» የሚለውን ቃል ነው የምቃወመው። ዶሮ ወጥ አይብቃቃም። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል። ለ300 ሰው አንድ አንድ ብልትና አንድ አንድ እንቁላል ሲታሰብ 25 ዶሮና 300 እንቁላል ነው፤ ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት ከተያዘ ደግሞ 50 ኪሎ። 60 ሰው ሲጨመር 5 ዶሮ፣ 60 እንቁላልና 10 ኪሎ ሽንኩርት ይመጣል። ዶሮውም እንቁላሉም ዓርብ ገበያ ይገኛል፤ የማይገኘው የቁሌቱ ሰዓት ነው። ሽንኩርቱ ውኃውን ጨርሶ ሳይመጥ በርበሬ ከገባበት ወጡ አይወፍርም፣ ጥሬ ጥሬ ይሸታል። ይህን በደረሰው ወጥ ላይ ብትደባልቁት የ300ውን ሰው ድስት አበላሻችሁ ማለት ነው።

እንጀራውም እንዲሁ ነው። ለሰው አንድ ተኩል ብንል ተጨማሪ 90 እንጀራ ያስፈልጋል። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን መቡካት አለበት። ሐሙስ ማታ ተቦክቶ ለቅዳሜ የሚጋገር አፍለኛ ነው፤ ዓይኑ በደንብ አይወጣም። እንግዳው ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው እንጀራውን ነው።

የሠርግ አስተባባሪ፦ እህቴ፣ ስለ ቁሌቱ አልከራከርሽም። ግን ደንበኛዋ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ውሉን እንየው። ብዙ ውል ላይ «300 ሰው» ተብሎ ይጻፍና ያበቃል፤ ቁጥሩ መቼ እንደሚዘጋ የለበትም። በእኛ አገር የተጠራ ሰው «እመጣለሁ፣ አልመጣም» ብሎ መልስ አይሰጥም፤ ሚዜውም ዘመዱም ሰው ይዞ ይመጣል። ይህን የሚያውቅ አቅራቢ ለ300 ሲዋዋል ለ330 አብስሎ መጠበቅ አለበት። 10 በመቶው የሙያው ወጪ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ ወጪ ከሆነ ዋጋው ውስጥ ይግባ እንጂ እንደ ስጦታ አይቆጠር። ለምሳሌ ከ100 ብር ላይ 60ው ለጥሬ ዕቃ፣ 25ቱ ለሠራተኛ፣ ለጋዝና ለመኪና ቢወጣ የሚተርፈው 15 ነው። 30 ሰው በነፃ ሲበላ የጥሬ ዕቃው ወጪ በ10 በመቶ ስለሚጨምር ከዚያ ከ15ቱ ላይ 6 ብር ይሄዳል። 60 ሰው ሲሆን 12 ብር ሄዶ በእጅ የሚቀረው 3 ብር ብቻ ነው፤ አንድ ብረት ድስት ቢቃጠል እሱም የለም። ዋጋውን ስትነግሩ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ይጨምር አይጨምር በግልጽ ጻፉ። ከእንግዳ ቁጥር ቀጥሎ ሰው የሚጣላው በዚህ ነው።

ሕግ የተማረ፦ «ካልከፈለች ሥራውን እተወዋለሁ» ለምትሉ አንድ ነገር ልበል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ማፈግፈግ ለአቅራቢው ውድ ነው። «ሽንኩርት ተወደደ» ብሎ ዋጋ መጨመርም አያስኬድም፤ በአንቀጽ 1764 መሠረት ግዴታው ስለከበደ ብቻ ውሉ አይለወጥም። ደንበኛዋም በበኩሏ ብቻዋን 300ውን 360 ማድረግ አትችልም። ሁለታችሁንም የሚይዘው የተፈረመበት ቁጥር ነው። ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ይባል «ቅድሚያ ክፍያ» ደግሞ አስባችሁ ጻፉ፤ ጠብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ያ ቃል ነው።

የሠርግ አስተባባሪ፦ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል። ግን ደንበኛዋ የተጨመረውን ልክፈል ብትልስ 360 መብላቱን በምን ታምናለች? አቅራቢው 400 ነው ሲል ቤተሰቡ 310 ነው ሲል ሌሊቱ የሚነጋባቸው አሉ።

ከመስተንግዶ፦ በሰሃን ቁጠሩ። እንግዳ ሳይገባ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ባለበት ሰሃኑን 25፣ 25 እየደረደራችሁ 400 አስፈርሙ። ግብዣው እስኪያልቅ የቆሸሸው አይታጠብ፣ ወደ ሰልፉም አይመለስ። መጨረሻ ላይ ንጹሕ የቀረውን ቁጠሩ፤ 52 ከቀረ 348 ወጥቷል። ጥሉ የሚነሣው ሁለተኛ ዙር የሚያነሣ ሰው አዲስ ሰሃን ሲይዝ ነው። ከ100 በላይ ሰው ካለ አንድ አስተናጋጅ ሰሃኑ አጠገብ ብቻ ይቁም፤ ሌላ ሥራ አይታዘዝ።

ከወጥ ቤት፦ በሰሃኑ እስማማለሁ። በ10 በመቶውም እስማማለሁ፣ ግን ዋጋው ውስጥ ከገባና ቁጥሩ ቢያንስ ከ5 ቀን በፊት ከተዘጋ ነው፤ ዶሮው ሳይታረድ፣ ሊጡ ሳይቦካ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው በሚሰፋው ምግብ ይስተናገድ፦ ሽሮ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሩዝ፣ ፓስታ። 1 ኪሎ ሽሮ 20 ሰው ያህል ይበቃል፤ ለ60ው 3 ኪሎ ነው፣ በሁለት ሰዓት ይደርሳል። ለእንጀራው ከሌላ ጋጋሪ በደንብ የቦካ ይፈለጋል፤ ካልተገኘ ዳቦ ይቀርባል። ዶሮ ወጡን ግን ለሁለት ከፍላችሁ በግማሽ ብልት አታውጡ። የጎደለው ሰልፉ መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ሲቆም ይታያል።

የሠርግ አስተባባሪ፦ እንግዲያው ይህንኑ ሐሙስ ማታውኑ ጽፋችሁ ላኩላት፤ በስልክ ብቻ አይቅር። «ዶሮ ወጡ ለ330 ነው፤ ለ30ው ሰው ሽሮና አትክልት በዚህ ዋጋ፤ እስከ ዓርብ 4 ሰዓት መልስ ካልደረሰን በ330 እንቀጥላለን።» ዓርብ ጠዋት አልቅሳ ብትደውል እንኳ የምትነጋገሩበት ወረቀት አለ።