ቤታ ላይ ልቆይ ወይስ ወደ ፋይናሉ ልለፍ? – ፒክስልና ዊንዶውስ 11

ማዕዶት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ስልኬ ፒክስል ነው፣ የአንድሮይድ ቤታ (ገና ያላለቀ የሙከራ ቨርዥን) ፕሮግራም ውስጥ አለ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ሆኖ በኢንሳይደር (የማይክሮሶፍት የሞካሪዎች ፕሮግራም) ቤታ ቻናል ላይ ነው። ለሁለቱም ፋይናል (ያለቀለት፣ ለሁሉም የሚለቀቀው) ወጥቷል እየተባለ ነው። ስልኩ ላይ አንድ የባንክ አፕ አልከፈትም ብሏል፣ ባትሪውም ቶሎ ይወርዳል፤ ላፕቶፑ ደህና ነው። ምንም ባልነካ ራሳቸው ወደ ፋይናሉ ይሻገራሉ? ከቤታ ለመውጣት የግድ ፎርማት መደረግ አለባቸው? ለመሆኑስ መሞከሩን መቀጠል ፋይዳ አለው? ላፕቶፑ የሥራ ነው፣ ስልኩ ላይ ያለው ፎቶና የዋትስአፕ መልእክት ደግሞ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።

ጋሼ ባይት፦
እህቴ፣ ከመወሰንሽ በፊት ቁጥር እዪ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ፋይናሉ ከያዝሽው ቤታ አዲስ ከሆነ ዳታሽን ይዘሽ ትሻገሪያለሽ። ከቤታው ያነሰ ከሆነ ግን ስልኩ ሙሉ በሙሉ ሳይጠረግ መውጫ የለም። አምራቹ ሊያስቸግርሽ ፈልጎ አይደለም። አዲስ ሲስተም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ዳታቤዞቹንና የሴቲንግ ፋይሎቹን ወደ ራሱ ቅርጽ ይቀይራቸዋል፤ የቀድሞው ሲስተም ያንን ቅርጽ ማንበብ አይችልም። በዚያ ላይ አንድሮይድ፣ የተሠራበት ቀን ካለው ቢልድ (የተጫነው የሲስተም ዕትም) የቀደመ አፕዴት ሲመጣለት አልጭንም ይላል።

ቁጥሩን ለማየት ሴቲንግ ውስጥ አባውት ፎን ግቢና መጨረሻ ላይ ያለውን ቢልድ ነምበር ተመልከቺ። መሃል ላይ ያሉት ስድስት አሃዞች ቀን ናቸው። 250605 የሚል ከሆነ ያ ቢልድ ከዋናው ኮድ የተነጠለው እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2025 ነው። ይህንን ጎግል ለስልክሽ ሞዴል ካወጣው የፋይናል ቢልድ ቁጥር ጋር አነጻጽሪው።

ምንም ባልነካስ ላልሽው፣ ፋይናሉ ይመጣልሻል፣ ግን ነገሩ እዚያ አይቆምም። ፕሮግራሙ ውስጥ እስካለሽ ድረስ ኪውፒአር የሚሉት የሩብ ዓመት አፕዴት ቤታ ተከትሎ ይመጣል። እሱን የጫንሽ ዕለት ያለ ፎርማት መውጣት እስከሚቀጥለው ፋይናል ድረስ ቀረ። አንዳንዴ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይገለበጣል። የአንድሮይድ 16 ፋይናል የወጣው ጁን 10 ቀን 2025 ሲሆን የኪውፒአር 1 የመጀመሪያ ቤታ ግን ቀድሞት ሜይ 20 ላይ ወጥቶ ነበር። ያንን ቤታ የጫኑ ስልኮች ፋይናሉ ሲመጣ ከፋይናሉ በላይ ነበሩ፤ ሳይፎረማቱ መውጣት የቻሉት ሴፕቴምበር ላይ ኪውፒአር 1 ራሱ ፋይናል ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ወጥመዱ። በቤታው ድረ ገጽ ኦፕት አውት (ከፕሮግራሙ ልውጣ) ካልሽ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ አፕዴት ይመጣል። ሲታይ ተራ አፕዴት ይመስላል፣ ነገር ግን ወደ ኋላ የሚመልስ ነው፤ ከጫንሽው ስልኩ ባዶ ሆኖ ይነሳል። የወጣሽው ፋይናሉን ለመጠበቅ ከሆነ አትንኪው። እንዲያውም ኦፕት አውት ከማለትሽ በፊት ቢልድ ነምበሩን ሰባት ጊዜ ነክተሽ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስን ክፈቺና አውቶማቲክ ሲስተም አፕዴትስ የሚለውን አጥፊ። ካልሆነ ስልኩን አጥፍተሽ ስታስነሺ ሳታውቂው ሊጫን ይችላል።

የባንክ አፑ ብዙ ጊዜ የሚያኮርፈው ቢልዱ የተመሰከረለት መሆኑን በፕሌይ ኢንተግሪቲ (በጎግል የስልክ ማረጋገጫ) በኩል ስለሚጠይቅ ነው። አጥፍቶ መልሶ መጫን እምብዛም አይፈውሰውም።

ነጭ ሰሌዳ፦
ላፕቶፑን እኔ ልመልስ፣ የዊንዶውሱ ጉዳይ ከስልኩ ይለያል።

የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጫኝና ዊንቨር የሚለውን ትእዛዝ ስጪው። የሚከፈተው ትንሽ መስኮት ሁለት ነገር ይነግርሻል። አንደኛው የቢልድ ቁጥሩ ነው፤ የምትፈልጊው ከነጥቡ በፊት ያለውን ነው። ሁለተኛው ቢልዱ የሚያበቃበት ቀን ነው። የኢንሳይደር ቢልድ ዕድሜ አለው፣ ቀኑ ሲቃረብ ማስጠንቀቂያ ይደጋግማል። ስለዚህ አፕዴቱን ዘግቶ አሮጌ ቤታ ላይ መቀመጥ ለሥራ ማሽን አማራጭ አይደለም።

ቁጥሩን እንዴት እንደምታነቢው በምሳሌ ላሳይሽ። 24ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 11 ቨርዥን ለሕዝብ የወጣው 26100 ሆኖ ነው። በቤታ ቻናል ይሰራጭ የነበረው ግን 26120 ነበር። 26120 ላይ ያለ ማሽን ወደ 26100 ልውረድ ቢል ያለው መንገድ ከፍላሽ አስነስቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ቀጣዩ ቨርዥን 25ኤች2 በ26200 ሲወጣ ግን ፋይሉንም ፕሮግራሙንም ይዞ መሻገር ችሏል።

የሚሻገረው ቨርዥን ከወጣ ወይም ሊወጣ ከተቃረበ ሴቲንግ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ ዊንዶውስ ኢንሳይደር ፕሮግራም ግቢ። ስቶፕ ጌቲንግ ፕሪቪው ቢልድስ በሚለው ስር፣ የሚቀጥለው የዊንዶውስ ቨርዥን ሲወጣ ይህን ኮምፒውተር ከፕሮግራሙ አውጣው የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። እሱን አብሪውና ተዪው። ይህ የሚሠራው ለቤታና ለሪሊስ ፕሪቪው ቻናል ነው። ዴቭ ወይም ካናሪ በሚባሉት ይበልጥ ጥሬ ቻናሎች ላይ ብትሆኚ ኖሮ ብዙውን ጊዜ መውጫው ንጹሕ ጭነት ብቻ ነበር።

ሰው የሚሳሳተው የ10 ቀኑ ላይ ነው። ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ያለው ጎ ባክ የሚሠራው አዲስ ቢልድ በገባ በ10 ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ዶት ኦልድ የሚባለው ፎልደር ይሰረዝና የምትመለሺበት ነገር አይኖርም። ዲስም በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ እስከ 60 ቀን ማራዘም ይቻላል፣ ግን 10 ቀኑ ሳያልፍ መደረግ አለበት። ደግሞም ዲስኩ ጠቦ በዲስክ ክሊንአፕ ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን የሚለውን ካጠፋሽ በገዛ እጅሽ መመለሻውን ሰረዝሽ ማለት ነው።

ምንም ከማድረግሽ በፊት የቢትሎከርን (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ምስጠራ) ባለ 48 አሃዝ ሪከቨሪ ቁልፍ ከላፕቶፑ ውጭ ጻፊው። ማሽኑ በትልቅ አፕዴት መሃል ሊጠይቅሽ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ተቆልፎ ይቀራል።

ዳግም ማስነሻ፦
ጋሼ፣ በቁጥሩ ነገር ከእርስዎ ጋር ነኝ። ነገር ግን ፋይናል ሁሉ የተፈተነ፣ ቤታ ሁሉ የተሰበረ ተደርጎ እንዳይወሰድ። የዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1809ን ያስታውሱ። ኦክቶበር 2 ቀን 2018 ለሁሉም ተለቀቀ፣ በቀናት ውስጥ ተሰበሰበ፣ እንደገና የወጣው ኖቬምበር 13 ነው። ዶክመንትስ ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ድራይቭ ያዛወሩ ሰዎች በቀድሞው ቦታ የቀሩ ፋይሎቻቸው ተሰርዘውባቸዋል። የሚያሳዝነው ሞካሪዎች ችግሩን ከመውጣቱ በፊት በፊድባክ ሃብ (የማይክሮሶፍት አስተያየት መላኪያ) ጽፈውት ነበር፤ ጥቂት ሰው ብቻ ስለደገፈው ተቀበረ። ማይክሮሶፍት ሪፖርት ላይ የጉዳቱን ክብደት መሙያ የጨመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው ለስልኩና ለላፕቶፑ አንድ ዓይነት ፍጥነት አያስፈልግም ነው። ስልኩ ላይ የሚቀጥለው ቤታ መጥቶ ሳይጫን መውጣት ስላለብሽ ፍጠኚ። ላፕቶፑ ላይ ግን ማብሪያውን አብሪና፣ ፋይናሉ ሲመጣ ፖዝ አፕዴትስን ተጠቅመሽ ሁለት ሳምንት አቆዪው። እስከ 5 ሳምንት ማቆየት ይቻላል። ትልቅ ችግር ካለ ብዙውን ጊዜ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታወቃል።

መቀጠሉ ፋይዳ አለው ወይ ላልሽው መለኪያዬ አንድ ነው፤ ሪፖርት እየላክሽ ነው ወይ? ካልላክሽ እየሞከርሽ አይደለም፣ ያላለቀ ሶፍትዌር እየተጠቀምሽ ነው። «ባትሪው ይወርዳል» የሚል ሪፖርትም ለማንም አይጠቅም። የቢልድ ቁጥሩ፣ ምን ስትነኪ ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል፣ ስንት ጊዜ ሞክረሽ ስንቴ እንደተደገመ፣ ከዚህ በፊት በነበረው ቢልድ ይታይ እንደነበረ፤ እነዚህ መኖር አለባቸው። ከሁሉም በላይ የሎግ ፋይሉ (ሲስተሙ የሆነውን የሚመዘግብበት)። አንድሮይድ ላይ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ቴክ ባግ ሪፖርት የሚል አለ፣ ችግሩ እንደታየ ወዲያው መነካት አለበት፤ ሎጉ በላዩ ላይ እየተጻፈበት ስለሚሄድ ቆይተሽ ብትወስጂው የምትፈልጊው መስመር ጠፍቶ ታገኚዋለሽ። ሎጉ ውስጥ የግል መረጃም ስለሚገባ በአደባባይ አትለጥፊው።

ሊኑክሴ፦
ዊንዶውስና አንድሮይድ ላይ ብቻ ቆማችኋል። ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ በሙከራ ቅርንጫፉ፣ በቴስቲንግ፣ የምትጠቀሙም ይህ ይመለከታችኋል። አፕዴት ከየት እንደሚመጣ በሚወስነው ሶርስስ ዶት ሊስት ፋይል ላይ የተጻፈው «ቴስቲንግ» ከሆነ ፋይናሉ በወጣ ማግስት ሳታውቁት ወደሚቀጥለው ቴስቲንግ ትሻገራላችሁ። ዴቢያን 13 ኦገስት 9 ቀን 2025 ሲወጣ «ትሪክሲ» (የ13 መጠሪያ ስም) ብሎ የጻፈ ሰው ያለ ምንም ሥራ ስቴብል (ያለቀለት ቅርንጫፍ) ላይ አረፈ፤ «ቴስቲንግ» ያለው ደግሞ ወደ ቀጣዩ ቨርዥን ፎርኪ ገብቶ የአፕዴት ጎርፍ ተቀበለ። አንድ ቃል ናት ልዩነቷ።

ሞካሪ መሆን ያለውን አደጋም ኤክስዚ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም አይተነዋል። ቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀው የኋላ በር የገባው እንደ ዴቢያን ቴስቲንግና ፌዶራ ሮሃይድ ያሉ የሙከራ ቅርንጫፎች ውስጥ ነበር፤ ዴቢያን ስቴብል አልነካውም። ያገኘው ሶፍትዌር ሠሪው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፣ ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ አደረገው። የኤስኤስኤች (ኮምፒውተርን ከርቀት መቆጣጠሪያ) መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስችል ብሎት ነው የቆፈረው፤ የሙከራ ቅርንጫፍ ላይ ባይሆን ኖሮ አያየውም ነበር። በጥንቃቄ የሚሞክር ሰው ሁሌም ያስፈልጋል፣ ግን በቨርቹዋል ማሽን ወይም በትርፍ ዲስክ ይሁን። የሥራ ላፕቶፕ የመሞከሪያ ቦታ አይደለም።

ቻርጀር የለኝም፦
ለአይፎንስ? ቤታው ላይ ነኝ፣ የአፕል ሰዓቴም እንደዚሁ።

ጋሼ ባይት፦
ወንድሜ፣ ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ ሶፍትዌር አፕዴት፣ ቤታ አፕዴትስ፣ ኦፍ። ከዚያ ከያዝከው በላይ የሆነ ፋይናል ሲወጣ እንደማንኛውም ሰው ይመጣልሃል፣ ምንም አይጠፋም። አርሲ የሚባለውን (ለፋይናልነት የታጨውን የመጨረሻ ቤታ) ጭነህ ከሆነና ፋይናሉ በዚያው ቢልድ ቁጥር ከወጣ አዲስ አፕዴት አይታይህም፤ አትጨነቅ፣ ፋይናሉ ላይ ነህ። ወደ ታች ልመለስ ካልክ በኮምፒውተር ሪከቨሪ ሞድ ገብተህ ማጥፋት አለብህ፤ በቤታው ላይ የወሰድከው ባክአፕ ደግሞ ከእሱ ባነሰ ቨርዥን ላይ አይመለስም። ለዚህ ነው ወደ ቤታ ከመግባት በፊት በኮምፒውተር ባክአፕ ወስዶ አርካይቭ ማድረግ የሚያስፈልገው፤ አርካይቭ ካልተደረገ የሚቀጥለው ባክአፕ ይተካዋል። ሰዓቱን ግን ተወው። የአፕል ሰዓት አንዴ ቤታ ከገባ ተጠቃሚው ወደ ኋላ የሚመልስበት መንገድ የለም፣ ፋይናሉን መጠበቅ ነው።

ማዕዶት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስልኩ ላይ ያለው የቤታ ቁጥር ከፋይናሉ ያነሰ ነው፣ ቀጣዩን ቤታ ገና አልጫንኩም። ላፕቶፑ ደግሞ ከወጣው በላይ ነው። ስልኩን አሁኑኑ ላውጣው ማለት ነው?

ጋሼ ባይት፦
አዎ፣ ግን በቅደም ተከተል። ባክአፕ፣ አውቶማቲክ አፕዴቱን ማጥፋት፣ ኦፕት አውት፣ ከዚያ መጠበቅ። ሲስተም አፕዴት ውስጥ የሚመጣውን ሁሉ መግለጫውን ሳታነቢ አትጫኚ፤ ዳውንግሬድ የሚል ቃል ካየሽ ዝለዪው። ፋይናሉ ሲመጣ ጫኚና አንድ ቀን ተይው፣ ሲስተሙ አፖቹን እንደገና ስለሚያዘጋጅ መጀመሪያ ላይ ባትሪው ይብስበታል። ላፕቶፑን ማብሪያውን አብርተሽ እስከሚቀጥለው ቨርዥን ባለበት አቆዪው። ሲስተሙ ደህና እየሠራ እያለ ለአንድ ቁጥር ብለሽ ንጹሕ ጭነት ውስጥ አትግቢ።

ነጭ ሰሌዳ፦
በጋሼ ላይ ልጨምር። ባክአፕ ወስጃለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የወሰደው ፎቶውን ብቻ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ኮድ የሚያመነጨውን አፕ ከስልኩ ውጭ የሚከፈትበት መንገድ መኖሩን አረጋግጪ፤ ስልኩ ቢጠረግና ኮዶቹ እዚያው ብቻ ከነበሩ የጎግል መለያሽ ውስጥ እንኳ መግባት ሊያቅትሽ ይችላል። ዋትስአፕ ላይ ደግሞ ሴቲንግ፣ ቻትስ፣ ቻት ባክአፕ ግቢና የመጨረሻው ባክአፕ የዛሬ መሆኑን እዪ። ኤንድ ቱ ኤንድ ኢንክሪፕትድ ባክአፕ በርቶ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ወይም ባለ 64 አሃዙን ቁልፍ ካላስታወስሽ ዋትስአፕም ሊከፍትልሽ አይችልም። ስለዚህ ኦፕት አውት ከማለትሽ በፊት የይለፍ ቃሉን አሁኑኑ እዚያው ገብተሽ ቀይሪውና ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ከዚያም ባክአፑን እንደ አዲስ አስነሺ።