ግድቡ ጉባ፣ ጭሱ ማዕድ ቤት፦ ከካርቦን ነጻ ኃይል በቶሎ ይቻላል?

አወያዩ፦ ጥያቄው አጭር ነው። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ በአሥር ወይም በሃያ ዓመት ውስጥ መላቀቅ በተግባር ይቻላል? ወይስ የስብሰባ አዳራሽ ምኞት ነው? ከጎጃም ሆናችሁ ተከራከሩ። የሚሳደብ ይወጣል።

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ ይቻላል፤ የቻሉ አገሮችም አሉ። ፈረንሳይ በ1974 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ዋጋ ሲያናጋት ፊቷን ወደ ኒውክሌር አዞረች፤ በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከኤሌክትሪኳ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከዚያ ይመነጭ ጀመር። ብሪታንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ 40 በመቶ የሚጠጋውን ኤሌክትሪኳን ከድንጋይ ከሰል ታገኝ ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የመጨረሻውን የከሰል ጣቢያ ዘጋችው። እኛማ ከእነሱ እንቀድማለን። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው፤ በለስ 460 ሜጋ ዋት፣ ሕዳሴ 5,150። ምን እንጠብቃለን?

የጭነት መኪና ባለቤት፣ ቡሬ፦ መምህር፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። ኤሌክትሪክንና ኃይልን አንድ አደረጓቸው። ፈረንሳይ ያን ሁሉ ኒውክሌር ይዛ መኪናዋ ዛሬም በአብዛኛው የሚነዳው በነዳጅ ነው። ብሪታንያም ከሰሉን ስትተው ከፊሉን የተካችው በጋዝ ነው፤ ይህን ዘለሉት። ዓለም ከሚፈጀው ኃይል ከአምስት እጅ አራቱ ያህል አሁንም ከነዳጅ፣ ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። እኔ ከቡሬ በቆሎ ጭኜ፣ የዓባይን በረሃ ወርጄ ጎሃ ጽዮን የምወጣው በናፍጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ደግ። የእኔን ተሳቢ የሚጎትተው ባትሪ ግን መንገድ ላይ የት ይሞላል? የደጀን የኖራ ድንጋይስ? ሲሚንቶ ሲመረት ከሚወጣው ካርቦን ከግማሽ የሚበልጠው ከድንጋዩ ከራሱ ነው፤ ምድጃውን በፀሐይ ብታነዱትም አይቀርም።

መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር፦ የድንጋዩ ነገር እውነት ነው፤ ርካሽ መፍትሔም ገና አልተገኘለትም። በበረሃው ግን አልስማማም። ቁልቁለቱን ስትወርድ ፍሬንህ እስኪጨስ የምታባክነውን ኃይል የኤሌክትሪክ መኪና ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሕዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ይህ ፍጥነት ከሆነ እንግዲህ! በውኃ ብቻ መታመንም አያዋጣም፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። ዛምቢያም በ2024 እ.ኤ.አ. ድርቅ ኤሌክትሪክ የምታመነጭበትን የካሪባን ሐይቅ አጉድሎባት በጨለማ ሰንብታለች። ውኃ በሚቀንስበት በበጋ ነፋሱና ፀሐዩ ይበረታሉ፤ እነሱን ጎን ለጎን ማቆም ይሻላል።

የጭነት መኪና ባለቤት፣ ቡሬ፦ ቁልቁለቱን ነገርከኝ፤ ዳገቱስ?

ገበሬ፣ ፋግታ ለኮማ፦ ስለ ካርቦን ስታወሩ እኛን አላነሳችሁም። እኛ ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዓይነት ዛፍ እንተክላለን። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፉ ጋር ይበቅላል፣ ከዚያ ዛፉ ለብቻው ያድጋል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ቆርጠን እዚያው ማሳው ላይ እናከስለዋለን። ከሰሉ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ አሲድ ያደከመው መሬታችንም አርፎ ጤፍ ይሰጣል። ልጅ አስተምረንበታል፣ የቆርቆሮ ቤት ሠርተንበታል። ዛፉ ሲቃጠል የሚመልሰው ሲያድግ የሳበውን ነው፤ እንደ ነዳጅ ከመሬት ሆድ አልተቆፈረም። ታዲያ የእኛ ከሰል ከየትኛው ወገን ይቆጠራል? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዝገት የመሰለ በሽታ ዛፉን እየጨረሰው ነው። ነገ «ከሰል ክልክል ነው» የሚል ሰው ከመጣ፣ በቦታው የምንተክለውን ይዞ ይምጣ።

መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ስሌትዎ በከፊል ልክ ነው። ነገር ግን በአፈር ከድኖ ማክሰል ከእንጨቱ ኃይል ከግማሽ በላዩን ያባክናል። ጭሱ ውስጥም ሚቴን የሚባል ጋዝ አለ፤ እሱ ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ አብልጦ አየሩን ያሞቃል። አዲሱ ችግኝ ሚቴኑን አይስብልዎትም።

እንጀራ ሻጭ፣ ዳንግላ፦ ፈረንሳይ ደርሳችሁ ተመለሳችሁ፤ ምጣዱን ያነሳ የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ። ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይጠጣል፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ማለዳ ስትሰካ ትራንስፎርመሩ ይወድቃል። ሊጡ ቦክቶ ጠብቆኝ መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ? ሲቆመጥጥ ደንበኛ አይገዛኝም። ስለዚህ ጓሮ ሁለተኛ ምጣድ አለኝ፤ እንጨትና ኩበት የሚበላ። ዓይኔን ያጠፋውም እሱ ነው። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ስናመለክት «ዕቃ አልገባም» ይሉናል። ግድቡ ኃይል የለውም አልልም፤ እኔ ቤት አልደረሰም ነው የምለው።

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ እትዬ፣ ይህማ የእኔን ክርክር ያጠናክራል። ኃይሉ ከመነጨ የቀረው ሽቦ ነው።

መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር፦ የቀረው ሽቦ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ መስመር አልደረሰውም። ግድብ አንድ ቦታ ይሠራል፣ ሥራ ተቋራጩም አንድ ነው፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ማከፋፈያ መስመር ግን በየቀበሌው ምሰሶ፣ በየሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ በየቤቱ ቆጣሪ ይፈልጋል። ማመንጨቱ በቶሎ ይሆናል ስትሉ እስማማለሁ፤ ማድረሱ ግን አሁን ባለው አካሄድ አይሆንም። ገንዘቡ ከአዲስ ግድብ ይልቅ ወደዚያ ይሂድ ባይ ነኝ።

የጭነት መኪና ባለቤት፣ ቡሬ፦ እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ ደጀንና ጎሃ ጽዮን ላይ የባትሪ መሙያ ይቁም። ነዳጅ በዶላር ነው የሚገባው፤ ትርፉ ወዲያው ይታያል።

እንጀራ ሻጭ፣ ዳንግላ፦ አይሆንም ወንድሜ። አገሩ የሚፈጀው ኃይል አብዛኛው እስከ ዛሬ እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው፤ የሚነደውም ምጣድና ድስት ሥር ነው። መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ ይቀየር፤ ተሳቢህ ወረፋ ይጠብቅ።