አስቸኳይ! ጫማ የተመታለት ፈረስ እግሩን መሬት አላስነካ አለኝ

ባለመዶሻ (ጠያቂ)፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ቶሎ መልሱልኝ። ሥራዬ የጌጥ ብረት ነው፤ የግቢ በር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የሻማ ማቆሚያ። የጋሪ ፈረስ ጫማም እመታለሁ። አሁን አንድ ባለጋሪ ከቅዳሜ ገበያ በኩል ፈረሱን እየጎተተ መጣ። ትናንት ሌላ ቦታ ነው ያስመታው። ሰኮናው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ሰውዬው «ምስማሩን ጠበቅ አድርግልኝ፣ ነገ አሸዋ አለብኝ» ብሎ ቆሟል። ልንቀለው?

የሽምብጥ ልጅ፦ ሽጠህ ባጃጅ ግዛ በለው ሃሃ

ጋሽ ወናፉ፦ ልጄ፣ ቀጥቃጭ ስንት ዘመን ቡዳ ሲባል የኖረበት አገር ነው። አፄ ቴዎድሮስ ግን ጋፋት ላይ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ባለእጅ ሰብስበው ሴባስቶፖልን አሠሩ። የዛሬ ልጅ ቱቦላሬ በይዶ «ቀጥቃጭ ነኝ» ይላል። መስፍና ጉጠት ሳይዝ!

ባለመዶሻ፦ ጋሼ አከብርዎታለሁ፤ ፈረሱ ግን እየተንቀጠቀጠ ነው።

ሞረዴ፦ ሴባስቶፖል ቀልጦ የፈሰሰ እንጂ የተቀጠቀጠ አይደለም ጋሼ። ደግሞ የትኛው እግር?

ባለመዶሻ፦ የፊት ግራ።

ባዶ እግር፦ ቆይ፣ ጫማውስ ለምን? የገጠሩ ፈረስ ያለ ጫማ ዕድሜውን ይጨርስ የለ?

ሞረዴ፦ የገጠሩ ሣር ላይ ነው የሚውለው። ይኼ ቀኑን ሙሉ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ አሸዋ ይጎትታል፤ ሰኮናው ከሚያድገው በላይ ያልቃል።

የዘንዘልማዋ፦ ወንድሜ፣ እንዳታጠብቀው! ምስማሩ ሥጋውን ነክቶታል ወይም ተጭኖታል። ጫማውን በአንዴ አትገንጥል። መጀመሪያ ውጭ የታጠፈውን የምስማር ጫፍ በሞረድ ሞርደው፣ ከዚያ ምስማሩን አንድ በአንድ ሳብና እያንዳንዱን እይ። ርጥብ፣ ጥቁር ወይም ደም ያለበት ከወጣ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ቀዳዳው ላይ ምልክት አድርግ። አዮዲን ጨምርበት፣ በሞቀ የጨው ውኃ ዘፍዝፈው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ ከላይ የማዳበሪያ ጆንያ እሰርበት። ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ መንጋጋ ቆልፍ ፈረስ ላይ ይበረታል፣ መርፌ ያስፈልገዋል። መግል ካለም እሱ ይክፈተው፣ በቢላዋ እንዳትቆፍር።

የአባይ ማዶ፦ የሞቀ ውኃ በጨው። ፍቱን ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ አሁን ተባለ እኮ!

የአባይ ማዶ፦ እኔም እሱኑ ነው ያልኩት። በጨው።

ሞረዴ፦ እሷ ያለችውን አድርግ። ሲድን ስትመታለት ደግሞ የአናጺ ምስማር እንዳትጠቀም። የፈረስ ምስማር ጫፉ ባንድ ጎን ሸርተት ያለ ነው፤ ሸርተቴውን ወደ ውስጥ ካዞርከው ሲመታ ወደ ውጭ ይታጠፋል። ከሰኮናው ሰፊ ቦታ ወደ ኋላ አትለፍ። ድምፁንም ስማ፤ ጠንካራው ላይ ሲሄድ ይጮኻል፣ ለስላሳው ውስጥ ሲገባ ይታፈናል። ፈረሱ እግሩን ከነጠቀህ ወዲያው አውጣው።

ባለመዶሻ፦ ሦስተኛው ላይ ጥቁር ውኃ ወጣ! ባለጋሪው «ነገስ?» እያለ ይጨቃጨቀኛል።

የዘንዘልማዋ፦ ነገ ጋሪ የለም በለው። እስኪረግጥበት ድረስ ምንም ጭነት የለም።

ጋሽ ወናፉ፦ ድሮ ቢሆን...

የዘንዘልማዋ፦ ባለመዶሻ፣ ሐኪም አየው?

የግንቦት ሙሽራ፦ ይቅርታ ላቋርጣችሁ፤ ባለመዶሻ፣ የሐረግ ጌጥ ያለው የመስኮት ብረት በካሬ ስንት ትሠራለህ?